ከባንኩ ግድግዳ ያስወጣሁት ኖራ

ያ ግድግዳ መርገፍ የጀመረው በየካቲት ነው። ጠዋት ሱቄን ስከፍት የመስኮቱ ደፍ ላይ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት ተነስንሶ አገኛለሁ። እጠርገዋለሁ። በነጋታው ደግሞ አለ። የባቡሩ አቧራ ነው አልኩ። ከዛፉ ነው አልኩ። ሰው ማየት ያልፈለገውን ላለማየት ሰበብ አያጣም፤ ወር ሙሉ መጥረጊያዬን ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ ከረምኩ እንጂ አንድ ቀን ቀና ብዬ ግድግዳውን አላየሁም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቃችን እዚህ አሜሪካ፣ ከኖርክሮስ ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ፣ ሐዲዱ ዳር ያለ፣ ድሮ ባንክ የነበረ ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት ነው። ባለቤቴና እኔ ያለንን ጥሪት አሟጠን ነው የገዛነው። የምናውቀው ሰው ሁሉ "ባንኩ" ነው የሚለው። ስልክ ተደውሎ የት ነሽ ስባል "ባንክ ነኝ" እላለሁ፤ የማያውቀኝ ሰው ባለጸጋ መስዬው ይቀራል። ገንዘብ ይቀመጥበት የነበረው ባለ ብረት በር ክፍል አሁን የሙሽሮች ቀሚስ መስቀያዬ ነው። ሌባ ቢገባ ጥልፍ ነው ይዞ የሚወጣው። በዚያን ሰሞን ደግሞ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ጾሙ ተፈትቶ ፋሲካ ሲያልፍ ሠርጉ እንደ ጉድ ነው የሚፈሰው።

በመጋቢት ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በአራተኛው ቀን አንዲት የሙሽራ እናት ቀሚስ ልትለካ መጣች። በጎኑ ግድግዳ በኩል መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ፣ የአንድ ጡብ ፊት እንደ ዳቦ ቅርፊት ተላቆ መጣና እግሯ ሥር ተከሰከሰ። አንድ እርምጃ ቀድማ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ሴትየዋ አማተበች፣ ቀሚሱን እንኳ ሳትለካ ተመልሳ ሄደች። እኔ መሬት ላይ የተሰባበረውን ጎንበስ ብዬ ለቀምኩ። ያን ጊዜ ነው ቀና ያልኩት። ከመሬቱ ጀምሮ እስከ መስኮቱ አናት ድረስ ያሉት ጡቦች ፊታቸው ተልጦ ሆዳቸው ገብቷል። በመሃላቸው ያለው ግራጫ ሲሚንቶ ብቻ እንደ አጥንት አግጥጦ ቀርቷል።

በሳምንቱ የከተማው ኢንስፔክተር በሬ ላይ ቆመ። ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ጨዋነቱ ቢጫ ወረቀት ከመለጠፍ አላገደውም። ኢንጂነር ቀጥረን፣ ፐርሚት የሚሉትን የግንባታ ፈቃድ አውጥተን፣ በጣም የተጎዳውን የታችኛውን ክፍል በሠላሳ ቀን ውስጥ ካላስጠገንን ቤቱ ለሰው አስጊ ነው ተብሎ እንዲፈርስ ይታዘዛል አለን። ባለቤቴ ሆስፒታል የሌሊት ሥራ ሠርቶ ገና መግባቱ ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ጫማውን መፍታት ጀመረ፣ እዚያው መንገድ ላይ።

ኢንጂነሯ የቆዩ ሕንፃዎችን ብቻ የምታይ፣ ጸጉሯ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። መሣሪያ ታመጣለች ስል የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። ጡቡን በቁልፉ ጫር ስታደርገው ዱቄት ሆኖ ወረደ። ሲሚንቶውን ስትጭረው ቁልፉ ጮኸ። ማን ነው ይህን ያስገባው አለችኝ። አንድ ዘመዳችን ናቸው፣ ግንበኛ ናቸው አልኳት። ቁልፏን መልሳ ኪሷ ከተተች።

ነገሩን የነገረችኝ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ ነው። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው። የሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በጡቦቹ መሃል ከጡቡ የለሰለሰ ኖራ አስገቡበት። ግድግዳው ዝናብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ በኖራው በኩል መልሶ ይተነፍሰዋል፤ ቢሰነጠቅም የሚሰነጠቀው ኖራው ነው፣ እሱ ደግሞ ይተካል። እናንተ ኖራውን አውጥታችሁ በሲሚንቶ ደፈናችሁት። ውኃው መውጫ ሲያጣ በጡቡ በኩል ወጣ፣ ጡቡንም እየፈረፈረ ወጣ። ቤቱን ልናጠነክር ብለን የገደልነው እኛው ነን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከዚያ በስልኳ አንድ የድሮ ፎቶ አሳየችኝ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ በቅሎዎች ቆመዋል፣ ግራና ቀኙ ከሳንቃ የተሠሩ ሱቆች ናቸው። በመሃል አንድ የጡብ ቤት ብቻውን ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። የእኔ ቤት! ያን ጊዜ ይህ አገር ጠረፍ ነበር አለችኝ፤ ሐዲዱ እዚህ ደርሶ ይቆማል፣ ሰው ይመጣል፣ ይነግዳል፣ ሲከፋው ጠፍቶ ያድራል። ባንኩን የከፈቱት ሰዎች ጡብ የመረጡት ለእሳት ብቻ አልነበረም። እኛ ተነስተን አንጠፋም፣ ገንዘባችሁን እመኑን ለማለት ነው። ይሁንና መንገዱን የሚያየው የፊት ግድግዳ በባቡር በመጣ ምርጥ ጡብ ሲሠራ፣ የጎኑና የኋላው እዚሁ ወንዝ ዳር በተጠፈጠፈ ርካሽ ጡብ ነው የተገነባው። ፊቱ ለሰው፣ ጎኑ ለራሱ። ሳቅሁ፤ እንደኛው ናቸው ማለት ነው አልኩ በሆዴ። የሳንቃ ሱቆቹ በኋላ ተቃጠሉ። ባንኩም ከሰረ። ቤቱ መድኃኒት ቤት ሆነ፣ የእህል መጋዘን ሆነ፣ ጸጉር ቤት ሆነ፣ ከዚያ ብዙ ዘመን ባዶውን ቆመ። አንጠፋም ያሉት ሰዎች ሁሉ ሲጠፉ ግድግዳው ብቻ ቃሉን ጠብቋል። እኛ እስክንመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

አሁን ስለ አባባ ልናገር። የባለቤቴ አጎት ናቸው፣ እኔ አባባ ነው የምላቸው። እዚሁ ቅርብ፣ ስቶን ማውንቴን ይኖራሉ። አገር ቤት ግንበኛ ነበሩ፤ በስደት ሱዳን ገቡ፣ ከዚያ እዚህ መጡ። እዚህ ግን ዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ሥጋ ቆረጡ፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ዘበኛ ሆነው ጡረታ ወጡ። በሃያ ስንት ዓመት አንድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አላስቀመጡም። ከሰባት ዓመት በፊት ቤቱን ስንገዛ ግን ሽማግሌው ተነሱ። ግድግዳውን እኔ ነኝ የማድስላችሁ፣ ሳንቲም አትከፍሉኝም አሉ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተጠርቶ ደቦ ወጣ። አሥራ ምናምን ሰው፣ የነርስ ጫማ ያደረገ፣ የታክሲ ባርኔጣ የደፋ፣ መሮና መዶሻ ይዞ በጎኑ ግድግዳ የጡቦቹን መሃል ፋቀ። የሚወጣው ነገር ነጣ ያለ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደነበረ አላስታውስም፣ ጭቃ ነው እንዴ ብሎ ተረበ፤ ሁላችንም ሳቅን። አባባ ስድስት ቅዳሜ ሲሚንቶ ሞሉበት። በመጨረሻው ቀን ታች ጥጉ ላይ ሳይደርቅ በምስማር ትንሽ መስቀል ሣሉ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ታጣፊ ወንበራቸውን ከመኪናቸው አውጥተው ከመንገዱ ማዶ ይቀመጡና ግድግዳውን ያያሉ። አንዳንዴ ተነስተው በመዳፋቸው ዳበስ አድርገውት ይመለሳሉ። በዚያ በብርዱ ወራት ግን ጉልበታቸውን ታመው ሁለት ወር ቀሩ። ግድግዳው የረገፈው እሳቸው በሌሉበት ነው።

ባለቤቴ አይነገራቸውም አለ። ልባቸው ይቆማል አለ። ሲሚንቶውን አስወጥተን፣ በኖራ አስጠግነን፣ ቀለም ነው የቀየርነው እንላቸዋለን አለ። እኔ እውነቱን ልናገር፣ ያዘንኩላቸው መስዬ ዝም አልኩ እንጂ በልቤ ተቆጥቻቸው ነበር። ግንበኛ ነኝ ያለ ሰው ይህን አያውቅም? የሙሽሮች ቀሚስ አሥራ ዘጠኝ ተሰቅሎ፣ ቢጫ ወረቀት በሬ ላይ ተለጥፎ፣ ቀን እየቆጠርኩ ስተኛ የሚታየኝ የእሳቸው የሲሚንቶ እጅ ነው። እየደወሉ እንደምን ሰነበተ ግድግዳችን ይሉኛል። ደህና ነው አባባ፣ አይምጡ፣ መንገዱ እየተቆፈረ ነው ፓርኪንግ የለም እላለሁ። ውሸቴ ሲበዛ ስልካቸውን ማንሳት ተውኩ።

ወሬ ግን ግድግዳ አያግደውም። ባለቤቴ ለአንድ የልብ ጓደኛው አጫወተው፤ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ሽማግሌው በሲሚንቶ የልጆቹን ቤት ገደሉት እየተባለ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቤተ ክርስቲያናችን የድንጋይ አጥር ልታሠራ ነበር፣ የሥራው አለቃ እንዲሆኑ አባባ ተለምነው በደስታ እሺ ብለዋል። ለዚያ ብለው የግንበኛ ቱንቢ ገዝተው እንደነበር አውቃለሁ፤ ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ሰቅለውታል። አሁን የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጠጋ አለኝና የአባባን ነገር ደግመን ብናስብበት ይሻላል እየተባለ ነው፣ አንቺ ምን ትያለሽ አለኝ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ያ ትከሻ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ፐርሚቱ እስኪወጣ አሥራ ስምንት ቀን ሄደ። ኢንጂነሯ ማሽን አይነካውም፣ ማሽን ጡቡን አብሮ ይበላዋል፣ ሲሚንቶው በእጅ በመሮ ነው የሚወጣው አለች። የቀጠርናቸው ሁለት ግንበኞች ማክሰኞ ጠዋት መወጣጫቸውን አቆሙ። ከታች ከጥጉ ጀመሩ፣ በጣም የተጎዳው እሱ ነውና። የአባባ መስቀል ያለበት። እኔ ውስጥ ሆኜ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነው፤ እያንዳንዱ የመዶሻ ምት ጥርሴ ሥር ይሰማኛል። በዚህ አኳኋን አሥራ ሁለት ቀን እንደማይበቃን ቁጥር የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል።

መዶሻው በድንገት ዝም አለ። ቀና ስል በመስኮቱ የአባባ ብርማ ኮሮላ ቢጫው ወረቀት ፊት ለፊት ጠማማ ቆማለች።

መርፌዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ጥጉ ጋ ቆመዋል። መስቀሉ የለም፤ ግማሹ መሬት ላይ ነው። ግንበኞቹ ይህ ማን ነው በሚል ዓይን ያዩኛል። በአእምሮዬ ያዘጋጀሁት ውሸት ሁሉ ጠፋኝ። አባባ፣ ልነግርዎት ነበር አልኩ። ከጥጉ ዞር ብለው፣ በስድስቱ ቅዳሜ ካልነካነው ከኋላው ግድግዳ፣ ከአሮጌው ማያያዣ ትንሽ ቆንጥረው አወጡ። በጣታቸው አሹት። ከዚያ ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

"ኖራ ነው" አሉ።

"አዎ አባባ። ኢንጂነሯ ነገረችን።"

"እኔ ያኔም አውቅ ነበር።"

ደሜ ፈላ። እውነቱን ልናገር፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ታመዋል የሚለው ሁሉ ከልቤ ወጣ። አውቀው? አውቀው ቤቴን?

"ታዲያ ለምን አስወጡት?" አልኳቸው። ድምፄ መንገዱን ተሻገረ።

አባባ ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም። "አባቴ ኖራ አቃጣይ ነበር" አሉ። "ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እሱ ድንጋዩን ያቃጥላል፣ እኔ አቦካለሁ። በምላሴ የማውቀውን ነገር እንዴት አጣዋለሁ? ግን አንቺ አፍረሽ ነበር።"

ያን ጊዜ መጣልኝ። ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣልኝ። ጭቃ ነው እንዴ ያለው ሰው እኔ ነበርኩ። ያውም በዚያ አላበቃሁም፤ ባንክ ነው ብለን የጭቃ ቤት ገዛን ብዬ ነው ሰውን ያሳቅሁት። አባባ ያን ነጭ ነገር በመዳፋቸው ይዘው ወደ እኔ መጥተው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ይህን ብንተወው ይሻል ይሆናል ብለውኛል። እኔ ደግሞ ኧረ አባባ፣ ሰው ምን ይለናል፣ ያውጡት ብያለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ ማን እንደተናገረው አላስታውስም ስል የኖርኩት እኔው ራሴ ተናግሬው ነው።

መርፌው እጄን ወግቶኝ ኖሮ ደም አየሁ። አባባ እኔም አፍሬ ነው አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው በሲሚንቶ እየተመካ ኖራ ያለ ግንበኛ ከገጠር ዛሬ መጣ ይባላል ብለው ፈርተው ነበር። እጄ እያወቀ አፌ ፈራ አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ከመኪናው እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። አወጣሁላቸው። ለግንበኞቹ በእጃቸው ምልክት መሮውን እንዴት ቢይዙት ጡቡ እንደማይሰነጠቅ ያሳዩ ጀመር። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ገባቸው። ባለቤቴ ማታ ሲነሳ ሁሉንም ነገርኩት። ትክ ብሎ አየኝና አጎቴ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልነገሩኝም አለ። አባባ ለማንም አልተናገሩም ነበር፤ ወሬው ሁሉ በእሳቸው ላይ ሲዞር እንኳ።

ግድግዳው መዳኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኢንስፔክተሩ በሠላሳኛው ቀን መጥቶ፣ ኢንጂነሯ የፈረመችውን አይቶ፣ ኖራውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ቢጫውን ወረቀት በእጁ ነቅሎታል። የሙሽሮቹም ቀሚስ በሰዓቱ ወጥቷል። እኔ ግን የምተርከው ከዚያ በፊት ስለነበረው ቅዳሜ ነው።

ሥራው በሁለት ሰው እንደማያልቅ ስላየን ደቦ ጠራን። ያኔ የመጡትን እነዚያኑ ሰዎች። እኔ ራሴ አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። አንዳንዱ ሊረዳን መጣ፣ አንዳንዱ ደግሞ የተገደለውን ቤት ሊያይ መጣ፤ ፊታቸው ላይ ይታወቃል። ጾም ስለነበር ድንች ወጥና ሽሮ በድስት አመጣሁ። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው በባልዲ የመጣውን የቦካ ኖራ ከአሸዋ ጋር ያስመጥናሉ፤ ኢንጂነሯ መጥታ አይታ፣ እኔ ከምነግራቸው ይልቅ እሳቸው ይንገሩኝ ብላ ሄዳለች። ሰው ግን ከአባባ ራቅ ብሎ ነው የሚሠራው። ሰላምታው አጭር ነው። እሳቸውም አውቀውታል፤ ዓይናቸውን ከባልዲው አያነሱም።

ከቀትር በኋላ የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ መጣ። ልብሱን ላለማቆሸሽ ተጠንቅቆ ቆመ፤ እኔ አሁን የሞላሁትን መስመር በጣቱ ነካ አደረገው። ገና ለስላሳ ነበርና ጣቱ ላይ ቀረ። ወደ ሰዉ ዞሮ ፈገግ አለ።

"ደግሞ ወደ ጭቃ ተመለስን እንዴ?" አለ።

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እኔ ያየሁት አባባን ነው። የግንበኛ ማንኪያቸው ባልዲው ውስጥ ቆመ። ቀና ብለው የሚያዩት እኔን ነው፤ እንደዚያ ቀን፣ ያን ነጭ ነገር በመዳፋቸው ይዘው እንዳዩኝ። አሁንም ዝም ብል ሽማግሌው ምንም እንደማይሉ አውቅ ነበር። ሰው ምን ይለኛል የሚለው የድሮ ፍርሃቴ መጣ። ልብሴ ላይ እጄን ጠረግኩ።

"ኖራ ነው" አልኩ። "እሳቸው ያን ጊዜም ነግረውኛል። እንተወው ሲሉኝ ጭቃ ነው ብዬ የሳቅሁት፣ አውጡት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቤቴን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ስሜን አንድ ቀን አላነሱም።"

ባቡር አለፈ፤ ረጅም የዕቃ ባቡር ነበር፣ እስኪያልቅ ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው። ሰብሳቢው ጣቱ ላይ ያለውን ኖራ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀና የሚያስቀምጥበት አጥቶ መኪናዬ ላይ ጣለው። አባባ ጋ ሄዶ ጎንበስ ብሎ፣ ለአጥሩ ስንት ባልዲ ያስፈልገናል ብሎ ጠየቃቸው።

አባባ በእጃቸው ቆይ አሉትና እኔን ጠሩኝ። የሞላሁት መስመር ፀሐይ ላይ ሊሰነጠቅ ነው። ባልዲው አጠገብ የነበረውን እርጥብ ጆንያ በዱላቸው ጫፍ አነሱና ሰጡኝ።

"ሳይደርቅ ሸፍኚው" አሉ።

ሸፈንኩት።